ለሙዚቃ ተሰጥኦ ላለው ልጅ የትምህርት ቤት ቦታ ስለመጠየቅ፦ ለአንዲት እናት ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «የምኖረው ፍኖተ ሰላም አጠገብ ነው። ልጄ 14 ዓመቱ ሲሆን የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተናን በጥሩ ውጤት አልፏል። ከብት ሲጠብቅ በለመደው ዋሽንት የሰማውን ሁሉ ይጫወታል፤ ከአጎቱ ማሲንቆ ተምሯል፤ የዐቢይ ጾም ዜማ መጽሐፍ የሆነውን ጾመ ድጓ የሚያስተምሩት የደብራችን መሪጌታም ጆሮው ከዕድሜው የቀደመ ነው ይላሉ። ባሕር ዳር የምትኖረው እኅቴ ልታስጠጋው ፈቃደኛ ናት። በሰፈሯ ያለው የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሙዚቃ መሣሪያዎችና በሙያው የተመረቀ መምህር አለው። ልናስመዘግብ ስንሄድ ግን ‹ቦታ ሞልቷል፤ ልጁም የአካባቢው ነዋሪ አይደለም› ተብለን ተመለስን። አቤት የምንለው ለማን ነው? ተሰጥኦውንስ በምን እናስረዳ?»

ምላሽ፦ እኅቴ፣ ከሁለተኛው ጥያቄዎ እጀምራለሁ፤ ምክንያቱም በትምህርት አስተዳደር በሠራሁባቸው ዓመታት፣ በተለይም በቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ አባልነቴ ካየኋቸው እንዲህ ያሉ ጉዳዮች አብዛኞቹ የወደቁት ለተሳሳተ አካል ስለቀረቡ ሳይሆን ማስረዳት የሚገባቸውን ትተው ሌላውን ስላስረዱ ነው። ወላጅ ልጁን ያወድሳል፤ ኮሚቴው ግን ልጁ ጎበዝ መሆኑን ቢያምን እንኳ «እና ለምን እዚህ?» የሚለው ጥያቄ ሳይመለስለት ይቀራል። ጎበዝ ልጅ የትም ቦታ አለ፤ ጎበዝ የሆነ ሁሉ በመረጠው ትምህርት ቤት ይግባ የሚል አሠራር ደግሞ የለም። ስለዚህ አቤቱታዎ የሚቆመው ልጅዎ ምን ያህል ተሰጥኦ እንዳለው በማሳየት ላይ ብቻ ሳይሆን፣ ይህ ትምህርት ቤት በአቅራቢያዎ ያለው ትምህርት ቤት የማይሰጠውን ምን እንደሚሰጥ፣ ልጁም ያንን ቢያጣ ምን እንደሚጎድልበት በማሳየት ላይ ነው።

ይህን ያስተማረኝ የራሴ ስሕተት ነው። አንድ አባት ስለ ልጃቸው የክራር ችሎታ ሦስት ገጽ ሙሉ ጽፈው አቀረቡ፤ በሦስቱ ገጽ ውስጥ የጠየቁት ትምህርት ቤት ለምን እንደተመረጠ የሚናገር አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ አልነበረም፤ ጥያቄያቸውንም ውድቅ አደረግነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ልጅቷን በአንድ የትምህርት ቤቶች በዓል ላይ ስትጫወት ስሰማት፣ የፈረምኩበት ውሳኔ በአሠራር ረገድ ነቀፋ ባይወጣለትም እንደ ፍርድ ጎደሎ እንደነበር ገባኝ። አባትዬውን ጠርተን ልንጠይቃቸው እንችል ነበር፤ አልጠየቅናቸውም። እርስዎ ግን የሚጠይቅዎ ሰው ይኖራል ብለው አይጠብቁ፤ ሳይጠየቁ ይመልሱት።

በእንግሊዝ አገር ትምህርት ቤት የተከለከለ ልጅ ወላጅ ለገለልተኛ ጉባኤ ይግባኝ ይላል፤ ጉባኤውም በቅድሚያ የትምህርት ቤቱ ውሳኔ በደንቡ መሠረት የተሰጠ መሆኑንና አንድ ልጅ ቢጨመር ትምህርት ቤቱ የሚጎዳ መሆኑን ይመረምራል፤ ቀጥሎ ያንን ጉዳት ልጁ ቢከለከል ከሚደርስበት ጉዳት ጋር በሚዛን ያስቀምጠዋል። የእኛ አሠራር በዚህ መልክ ባይደራጅም፣ ሚዛኑ ግን ቅን ኃላፊ ሁሉ ሳያውቀው የሚጠቀምበት ነው። ማመልከቻዎን ሲጽፉ ሁለቱን የሚዛን ሳህኖች በዓይነ ልቡናዎ ይያዙ።

አሁን የመጀመሪያውን ሥራ ልንገርዎት፤ እርሱም የተነገረዎትን መልስ በጽሑፍ ማግኘት ነው። በቃል «ሞልቷል» የተባለ ሰው ይግባኝ የሚልበት ነገር የለውም፤ ነገ ደግሞ ምክንያቱ ሌላ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ለርዕሰ መምህሩ አጭር ማመልከቻ ጽፈው፣ ልጁ በ9ኛ ክፍል እንዲመዘገብ መጠየቅዎንና በቃል የተሰጠዎትን ምክንያት ጠቅሰው፣ ውሳኔው ከነምክንያቱ በጽሑፍ እንዲገለጽልዎ ይጠይቁ። ማመልከቻውን ለጸሐፊዋ ሰጥተው አይመለሱ፤ በመዝገብ ቤት ገቢ ሆኖ በእርስዎ ቅጂ ላይ ቁጥርና ቀን ተጽፎበት ማኅተም ይረፍበት። ይህች ቁጥር በኋላ «እንዲህ ያለ ጥያቄ አልቀረበልንም» ከሚል መልስ ታድንዎታለች። በጽሑፍ አንመልስም ቢሉም እንኳ፣ መጠየቅዎን የሚያሳየው ገቢ የሆነ ቅጂ ለበላይ አካል በቂ መነሻ ነው።

የተሰጡዎት ምክንያቶች ሁለት መሆናቸውንም ልብ ይበሉ፤ አንዱን አንሥቶ ሌላውን መተው የተለመደ ድክመት ነው። ነዋሪነትን በተመለከተ፣ ከእኅትዎ ቀበሌ ልጁ ከእርሷ ጋር የሚኖር ወይም ሊኖር የመጣ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ፣ የእኅትዎ መታወቂያ ቅጂ፣ የልጁ የልደት ምስክር ወረቀት፣ ከነበረበት ትምህርት ቤት መሸኛና እርስዎና አባቱ በትምህርቱ ጉዳይ እኅትዎ እንድትከታተል የወከላችሁበት በሕግ የተረጋገጠ ሰነድ ያስፈልጋል። አንዳንድ ሰው ልጁ ባሕር ዳር ሲኖር ዓመታት እንዳለፉት የሚገልጽ ወረቀት እንዲያስጽፉ ሊመክርዎ ይችላል። አያድርጉት። ሐሰተኛ ወረቀት የተገኘበት ፋይል ውስጥ ያለው እውነት ሁሉ አብሮ ይጣላል፤ ደግሞም የእርስዎ ጉዳይ እውነቱ የተሻለ የሚያስረዳለት ነው፦ ልጁ ወደ ከተማ የሚመጣው በገጠሩ የሌለውን መምህር ፍለጋ ነው። በአካባቢያችሁ በጸጥታ ችግር ምክንያት ትምህርት ተቋርጦ ከነበረም፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደሆነ ከትምህርት ጽሕፈት ቤቱ በጽሑፍ ተቀብለው ያያይዙ፤ ይህ ከሙዚቃው ራሱን የቻለ ጠንካራ ምክንያት ነውና በለቅሶ ሳይሆን በቀንና በወር ይቀመጥ።

«ሞልቷል» የሚለው ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ለሁለተኛ ደረጃ በአንድ ክፍል 40 ተማሪ የሚለውን መለኪያ ብዙ ወላጅ ሰምቷል፤ በማመልከቻው ውስጥም ይጠቅሰዋል። ይህ መለኪያ ግን በአብዛኞቹ የከተማ ትምህርት ቤቶች የሚሠራው ለእርስዎ ሳይሆን በእርስዎ ላይ ነው፤ ክፍሉ 55 ተማሪ ካለው እርስዎ ራስዎ መለኪያውን ጠቅሰው ልጅዎ 56ኛ እንዳይሆን ተከራከሩ ማለት ነው። የሚሻለው ከእምቢታው በኋላ በዝውውር የተመዘገበ ተማሪ መኖር አለመኖሩን፣ ተመዝግበው ሳይመጡ የቀሩ ተማሪዎች ቦታ ለማን እንደተሰጠ በትሕትና መጠየቅ ነው። በየዓመቱ በመስከረም የመጀመሪያ ሳምንታት ስማቸው ሲጠራ «የለም» የሚባሉ ልጆች አሉ። ጥያቄዎ «ጨምሩልኝ» ከሚሆን «የሚለቀቅ ቦታ ሲኖር የልጄ ጥያቄ በቅድሚያ ይታይ» የሚል አማራጭም ቢይዝ፣ ርዕሰ መምህሩ ሳይሸነፍ እሺ የሚልበትን በር ይከፍትለታል።

ወደ ተሰጥኦው ማስረጃ ልመለስ። «በጣም ጎበዝ ነው»፣ «ልዩ ተሰጥኦ አለው» የሚሉ ቃላት በወረቀት ላይ ክብደት የላቸውም፤ ክብደት ያለው ሌላ ሰው ሊያረጋግጠው የሚችል ነገር ነው። ለምሳሌ መሪጌታው «ጆሮው ከዕድሜው የቀደመ ነው» ብለው ከሚጽፉልዎ፣ ልጁ ጾመ ድጓ መቼ እንደጀመረ፣ እስካሁን የት እንደደረሰ፣ አብረውት የጀመሩት ልጆች ዛሬ የት እንዳሉ፣ አንድን ዜማ መምህሩ ስንት ጊዜ ካዜሙለት በኋላ ሳይሳሳት እንደሚመልስ፣ ሦስቱን የዜማ ስልቶች፣ ግዕዙን ከዕዝሉ፣ ዕዝሉን ከአራራዩ በመስማት ብቻ ይለይ እንደሆነ ቢጽፉልዎ፣ ያ ደብዳቤ አንድ የሙዚቃ መምህር ሊሰጥ ከሚችለው የጆሮ ፈተና ውጤት አያንስም። እንዲያውም የዜማ ቤት ከጥንት ጀምሮ ጆሮን ሲፈትን የኖረ ተቋም ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንዳደረጁት የሚነገርለት የዜማ ምልክት ከኖረ በኋላም ቢሆን፣ ተማሪው ዜማውን የሚቀበለው በዋነኛነት ከመምህሩ አፍ ነው። ጎጃም ስሙ የገነነው በቅኔው፣ በዲማና በዋሸራ የቅኔ ቤቶች ቢሆንም፣ በየደብሩ ያሉት መሪጌቶች ስለ ልጆች ጆሮ የሚሰጡት ምስክርነት ከሚገባው በታች ተገምቶ መቅረቱ ሁልጊዜ ይቆጨኛል። ያም ሆኖ የአስተዳደር ሰው የደብር ደብዳቤን ብቻውን ሲያይ «ይህ የአብነት ትምህርት ጉዳይ ነው» ብሎ ሊያልፈው ይችላልና፣ ከሙዚቃ ባለሙያ የተሰጠ አንድ ሌላ ምስክርነት ይጨመርበት። ባሕር ዳር ውስጥ እንደ ሙሉዓለም የባህል ማዕከል ባሉ ቦታዎች የሚሠሩ ተጫዋቾች አሉ፤ ልጁን ለግማሽ ሰዓት ሰምተው ያዩትን በአንድ ገጽ ቢጽፉልዎ በቂ ነው።

ባለሙያው የሚሰማው ልጁ የሚያውቃቸው ዘፈኖች ብዛትን አይደለም። ብዙ ዘፈን ማወቅ የትጋትና የትዝታ ውጤት ሊሆን ይችላል። እኔ ብሆን ሦስት ነገር እንዲታይ እጠይቃለሁ። አንደኛው፣ ጨርሶ ሰምቶት የማያውቀውን አጭር ዜማ ሁለት ጊዜ አሰምተውት በዋሽንቱ ሲመልስ ነው። ሁለተኛው፣ በዋሽንት የለመደውን ዜማ ወደ ማሲንቆ ሲያዛውር ነው፤ በአራት ቀዳዳው ዋሽንት ላይ ጣት የሚያርፍበት ቦታ በሸምበቆው ተወስኗል፤ በማሲንቆው አንድ የጭራ አውታር ላይ ግን ለጣት ምልክት የለም፣ ድምፁን ፈልጎ የሚያገኘው ጆሮ ብቻ ነውና፣ ይህን ሳይንገዳገድ የሚያደርግ ልጅ ጆሮው እውነት መሆኑን ይመሰክራል። ሦስተኛው፣ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን ስማቸውን ባያውቅ እንኳ በመካከላቸው ያለውን ልዩነት ይሰማው እንደሆነ፣ ከአንዱ ቅኝት ወደ ሌላው ሲያልፉበት ይከተል እንደሆነ ማየት ነው። ይህንኑ በስልክ ይቅረጹት፤ ሳይቆረጥ፣ ያለ ኦርጋን አጀብ፣ ከአምስት ደቂቃ ባልበለጠ። ቅጂውን የሚያስገቡበትን ፍላሽ ማንም ላይከፍተው ይችላልና፣ በስንተኛው ደቂቃ ላይ ምን እንደሚሰማ የሚገልጹ ሦስት አራት መስመሮች በወረቀት አብረው ይቅረቡ።

አንድ የሚያስከፋኝ ነገር ግን ልነግርዎት ይገባል። በማመልከቻው ውስጥ «ዘፋኝ እንዲሆንልኝ» ወይም «አጎቱ ማሲንቆ መቺ ስለሆነ» የሚሉ አገላለጾችን አያስገቡ። አዝማሪን በሠርጉ ጠርቶ፣ በግጥሙ ተደስቶ፣ ልጁን ግን ለሙያው የማይመኝ ኅብረተሰብ ውስጥ ነው ያለነው፤ ቢሮ የሚቀመጠውም ሰው ከዚሁ ኅብረተሰብ የወጣ ነው። «የሙዚቃ ትምህርት»፣ «በዩኒቨርሲቲ ደረጃ የሚሰጥ ሙያ» የሚሉትን ይጠቀሙ። አጎቱን ማሳፈርዎ አይደለም፤ ማሲንቆ አስተማሪነታቸው በሌላ ቦታ ይጻፍላቸዋል።

እዚህ ላይ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትን መጥቀስ ያስፈልጋል። ትምህርት ቤቱ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለና በዲግሪ የሚያስተምር በመሆኑ፣ ልጅዎ ወደዚያ ለማምራት ቢያስብ 12ኛ ክፍልን አጠናቆ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ውጤትና የሙዚቃ የተግባር ፈተና ሁለቱም ይጠብቁታል። ይህ ለአቤቱታዎ ሁለት ጥቅም አለው። በአንድ በኩል፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ያሉት አራት ዓመታት ለዚያ ፈተና የሚዘጋጅባቸው መሆናቸውን፣ የአራት ዓመት ዝግጅት ደግሞ መሣሪያና መምህር ባለበት ቦታ እንደሚሻል ለማስረዳት ያስችልዎታል። በሌላ በኩል ኮሚቴው «ሙዚቃ ትምህርቱን ያስጥለዋል» ብሎ የሚፈራውን ፍርሃት ያስወግዳል፤ የልጁን የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ካርድ፣ ሒሳብ ዝቅ ብሎ ቢገኝ እንኳ ሳይደብቁ፣ አያይዘው ያቅርቡ።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። «ዘንድሮ ካልገባ ተሰጥኦው ይጠፋል» ብለው አይጻፉ። ሙያውን የሚያውቅ ሰው ይህን አይቀበልም። ፒያኒስቱ ግርማ ይፍራሸዋ በልጅነቱ ክራር ይጫወት የነበረ ሲሆን ፒያኖን የጀመረው ግን ያሬድ ከገባ በኋላ በ16 ዓመቱ ነው። ለልጁ የሚጠፋው ተሰጥኦ ሳይሆን ዓመት ነው፤ ዓመት መጥፋቱም ብቻውን በቂ ምክንያት ነውና ማጋነን አያሻውም።

የማመልከቻው ዋና አንቀጽ በግምት እንዲህ ቢሆን ይሻላል፦ «ልጄ በዋሽንትና በማሲንቆ ያለው ችሎታ በተያያዙት ሁለት የባለሙያ ምስክርነቶች ተገልጿል። በምንኖርበት አካባቢ ያለው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሙዚቃ መሣሪያም ሆነ በሙዚቃ የሠለጠነ መምህር እንደሌለው ከትምህርት ቤቱ የተሰጠን ደብዳቤ ያሳያል። የጠየቅነው ትምህርት ቤት ሁለቱም ያሉት በመሆኑና ልጁም ከአክስቱ ጋር በትምህርት ቤቱ አካባቢ ሊኖር በመሆኑ፣ በ9ኛ ክፍል እንዲመዘገብ፣ ቦታ ከሌለ ደግሞ በሚለቀቅ የመጀመሪያ ቦታ እንዲታሰብ በትሕትና እጠይቃለሁ።» ከዚህ በላይ አይርዘም። ልጁም በራሱ እጅ አምስት ስድስት መስመር ይጻፍ፤ ስለራሱ ጉዳይ እንዲሰማ መብት ያለው እርሱ ነው፣ ደግሞም ከእናት ብዕር የማይወጣ ነገር ከልጅ ብዕር ይወጣል። የትምህርት ቤቱ የሙዚቃ መምህር ልጁን ሰምተው ክበባቸው ውስጥ ሊያሠለጥኑት እንደሚፈልጉ በጽሑፍ ከገለጹልዎ፣ ከሌሎቹ ወረቀቶች ሁሉ ይህ ይበልጣል፤ ርዕሰ መምህሩ የውጭ ሰውን እንጂ የራሱን መምህር በቀላሉ እምቢ አይልምና።

ደረጃውን በተመለከተ፣ መጀመሪያ ለራሱ ለትምህርት ቤቱ፣ ከዚያ ለከተማ አስተዳደሩ ትምህርት መምሪያ፣ ቀጥሎ ለክልሉ ትምህርት ቢሮ ያቅርቡ፤ አንዱን ደረጃ ዘልለው ወደ ላይ ከሄዱ ከላይ ወደ ታች ይመልሱዎታል፣ ቀኑም ያልፋል። በየደረጃው ግልባጭ ለታችኛው ያድርጉ። የወላጅ፣ የተማሪና የመምህር ኅብረቱን ሰብሳቢ ማነጋገርም አይከፋም፤ ኅብረቱ ውሳኔ ባይሽርም ርዕሰ መምህሩን ያለ ጠብ ሊያነጋግር ይችላል። እነዚህ ሁሉ አልፈው ያለ ምክንያት የተንገላታችሁ ከሆነ፣ የኢትዮጵያ እንባ ጠባቂ ተቋም ባሕር ዳር ቅርንጫፍ አለው፤ አገልግሎቱም ያለ ክፍያ ነው። ተቋሙ ግን የአስተዳደር በደልን መርምሮ መፍትሔ እንዲሰጥ ያሳስባል እንጂ ልጅ አያስመዘግብም።

ሕግ መጥቀስ ከፈለጉ ጥቂት ይበቃል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናትን በሚመለከቱ እርምጃዎች የሕፃኑ ጥቅምና ደኅንነት በቀደምትነት እንዲታሰብ ያዛል፤ ኢትዮጵያ የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን አንቀጽ 29 ደግሞ ትምህርት የልጁን ተሰጥኦ እስከሚችለው ድረስ እንዲያዳብር ይጠይቃል። እነዚህን በአንድ ዓረፍተ ነገር ማንሣት ጥሩ ነው፤ ገጹን በአንቀጽ መሙላት ግን ኃላፊውን ከረዳትነት ወደ ተከሳሽነት ይገፋዋል። የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012ን ግን አይጥቀሱ፤ እርሱ የፌዴራል ተቋማትን የሚመለከት ስለሆነ ለክልል ትምህርት ቤት ሲጠቀስ አማካሪዎ ሕጉን እንደማያውቅ ብቻ ነው የሚያሳየው።

ኮሚቴው ከጠራችሁ ልጁን ይዘው ይሂዱ፤ ዋሽንቱም በቦርሳው ይሁን። እርስዎ «ይጫወትላችሁ» አይበሉ፤ ከጠየቁት ግን አንድ አጭር ዜማ ተጫውቶ ይቀመጥ።

ይህ ሁሉ እየተካሄደ እያለ ግን ልጁ በአካባቢያችሁ ትምህርት ቤት መመዝገብ አለበት። ብዙ ወላጅ «እዚህ ከተመዘገበ የዚያኛው ይቀራል» ብሎ ይፈራል፤ በተቃራኒው፣ የትም ሳይመዘገብ መስከረም ያለፈበት ልጅ አቤቱታው ቢሳካ እንኳ «ዘግይቷል» የሚል አዲስ ምክንያት ይመጣበታል፣ ተመዝግቦ የሚማር ልጅ ግን በመንፈቅ ዓመቱ መጨረሻ ካርዱንና መሸኛውን ይዞ በዝውውር መጠየቅ ይችላል። በዚህ መካከል መምህር ከትምህርት ቤት ውጭም ሊገኝ እንደሚችል አይርሱ፤ ዓለሙ አጋ በገናን የተማሩት በ12 ዓመታቸው ጎረቤት ሆነው ከመጡ መምህር ነው። ልጁ በዓል ሲሆንና ትምህርት ሲዘጋ ወደ አክስቱ እየሄደ የዚያን ትምህርት ቤት የሙዚቃ መምህር እንዲያገኝ ከአሁኑ ይነጋገሩ፤ መምህሩም ከፈቀዱ የሚያስተምሩበትን ቀን በማስታወሻ ይመዝግቡ፣ በጥር ለምታቀርቡት የዝውውር ጥያቄ አባሪ ይሆናልና።